ከደሴ ወደ ፕላያ ዴል ካርሜን ለሚጓዙ

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሜክሲኮ የካሪቢያን ዳርቻ ወደምትገኘው ፕላያ ዴል ካርሜን የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የቪዛውን ጉዳይ ይጨርስ፤ ጊዜው ያላለፈበት የአሜሪካ ወይም የሸንገን ቪዛ ያለው ግን ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ ማውጣት አይጠበቅበትም። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር ስለሚዘልቅና በፀደይና በበጋቸው ሳርጋሰም የሚባል የባሕር አረም አሸዋውን ስለሚያለብሰው፣ እኔ የምመርጠው ጥርንና የካቲትን ነው።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ካንኩን ሲሆን፣ ከዚያ በቀጥታ የሚሄደው አዶ (ADO) የተባለው ድርጅት አውቶቡስ ከታክሲ ይረክሳል። የጦሳን ብርድ የለመደ ሰው ወበቁ ቢከብደውም ሹራቡን ሳይይዝ አይሂድ፤ የአውቶቡሱ ማቀዝቀዣ ያንቀጠቅጣል።

ብር እዚያ ስለማይመነዘር ዶላር ወይም ዓለም አቀፍ ካርድ ይያዙ። ኤቲኤሙ ሒሳቡን በራሱ ተመን ልመንዝርልዎ ሲል እምቢ ማለት ያዋጣል፤ የሚያቀርበው ተመን አብዛኛውን ጊዜ ከባንክዎ የባሰ ነው።

የቧንቧ ውኃ አይጠጡ። በባሕሩ ዳር ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ፣ ማዕበሉ የተረጋጋ ቢመስልም እንኳ፣ የሐይቅን ጸጥ ያለ ውኃ ብቻ የሚያውቅ ዋናተኛ ከመግባት ይቆጠብ። ለቤተሰብ ሲደውሉ ደሴ በ8 ሰዓት እንደምትቀድም ያስቡ።