የፋብሪካ ጭስ ሲያስቸግራችሁ መጀመሪያ ደብተር ግዙ

ጅማ ውስጥ ሐኪም ነኝ። ባለፈው በጋ አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን ለአራተኛ ጊዜ ይዛ መጣች። ያው ሳል፣ ያው ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ። መድኃኒት ስጽፍላት "ዶክተር፣ የሚብስባት እኮ ሌሊት ጭሱ ሲገባ ነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማዘዣ መጻፍ ብቻውን አላስቻለኝም።

የመጀመሪያ አቤቱታችን ከሽፏል። "የፋብሪካው ጭስ ፈጀን" ብለን ሰፈርተኛው ፈርሞ ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ አስገባን። ተቆጣጣሪዎች ከቀኑ 6 ሰዓት መጡ። ጭስ ማውጫው ንጹህ ነበር፤ አይተው ሄዱ። ጭሱ የሚለቀቀው ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ መሆኑን ማንም አልጻፈም ነበር።

ስለዚህ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ ጭሱ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጻፉ። ለነፋሱ ረጅም እንጨት ላይ ቀጭን ጨርቅ ማሰር ይበቃል። ጭስ የሌለበትንም ቀን ጻፉ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ማነጻጸሪያ የሚሆናችሁ ግን እሱ ነው። ፎቶ ሁሌም ከአንድ ቦታ፣ ከራሳችሁ ደጅ አንሱ። ግቢያቸው አትግቡ።

ሌሊትና ንጋት ላይ ለምን እንደሚብስ ማየት ከፈለጋችሁ፣ በበጋ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጅሬን ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ቁልቁል ከተማዋን እዩ። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል። ሞቃቱ ከላይ እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። ጭሱ መውጫ ያጣል። አሜሪካ ውስጥ፣ ሸለቆ ውስጥ ባለችው በዶኖራ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 እንዲህ ያለ አየር የዚንክና የብረት ፋብሪካዎችን ጭስ ለቀናት አፍኖ ይዞ 20 ሰው ሞቷል። ዊሊያም ሮንጋውስ የሚባል የከተማዋ ሐኪም የመተንፈሻ ሕመም ያለባቸውን "ከተማዋን ልቀቁ" እያለ ይመክር ነበር። ያንን ታሪክ ሳስብ የእኛ ሰፈር ንጋት ይታየኛል።

ሌላውን ጭስ ለዩት። የራሳችሁን ምድጃና ከሰል፣ የሚቃጠል የቡና ገለፈት፣ የቆሻሻ ክምር። ሕዳር 12 ቀን ከተማው በሙሉ ሲታጠን የጻፋችሁትን ለፋብሪካው አታስቆጥሩ። አንድ ስህተት ከተገኘባችሁ ደብተሩን በሙሉ ይጥሉታል።

ሕመሙንም በቁጥር ያዙ። አስም ላለበት ልጅ የትንፋሽ መለኪያ ከተገኘ፣ ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ሦስት ጊዜ ያስነፍሱትና ትልቁን ቁጥር ይጻፉ። ደህና ሳለ ካስመዘገበው ምርጥ ቁጥር ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ሐኪም ይየው። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ድንገተኛ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ውሰዱት። አቤቱታው ላይ ግን የታማሚ ስም አይግባ።

ክፉው ብናኝ ፒኤም 2.5 የሚባለው ነው። ከሰው ፀጉር 30 ጊዜ ያህል ስለሚቀጥን ሳንባ ድረስ ዘልቆ ይገባል። አልፎም ደም ውስጥ ይገባል፤ ልብን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው። ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ ይሄን አያስቆምም። የብናኝ መለኪያ ከፈለጋችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል ስላለው እዚያ ጠይቁ።

አሁን ማመልከቻው። አንድ ገጽ ይብቃው፤ የደብተሩ ኮፒ ይያያዝ። በኦሮምኛ ይጻፍ፤ የቢሮው የሥራ ቋንቋ እሱ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን ጥቀሱ። ማንኛውም ሰው "በግሌ ተጎድቻለሁ" ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ 30 ቀኑ ካለፈበት ወይም ውሳኔው ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ካስገባችሁበት ዕለት ስለሆነ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተምና ቀን ሳታስመቱ ከቢሮው እንዳትወጡ።

"ፋብሪካው ይዘጋ" ብላችሁ አትጻፉ። የዚያች ልጅ አባት እዚያው ነው የሚሠራው። ጭሱን ከሁላችንም በፊት የሚስበው እሱ ነው፤ እንጀራውም እዚያው ነው። እኛ የጠየቅነው ማጣሪያ እንዲገጠም፣ ለሠራተኞቹም የሳንባ ምርመራ እንዲደረግ ነው።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ያስገባነው የ47 ቀን መዝገብ ይዘን ነው። ተቆጣጣሪዎቹ በዚህኛው ጊዜ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መጡ። ብርድ ነበር፤ ሰፈርተኛው ጋቢውን ለብሶ ደጅ ቆሟል። ማጣሪያ እንዲገጠም በጽሑፍ ታዘዘ። እስካሁን ስላልተገጠመ ደብተሩን አልዘጋነውም። የትናንቱን ሌሊት የመዘገበችው የልጅቷ እናት ናት።