«እሺ» ሲያሳስት፦ መልእክት ሳይዛባ እንዲደርስ ምን ማድረግ ይገባል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዱባይ የምትኖር እኅቴ «ነገ በስድስት ሰዓት እደውላለሁ፤ እማዬን ከአጠገብህ አድርጋት» አለችኝ፤ እኔም «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በማግሥቱ እናቴን ይዤ እኩለ ቀን ላይ ብጠብቅ ስልኩ ዝም አለ፤ የጮኸው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እናቴ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ከሄደች በኋላ ነበር። እኅቴ ስድስት ሰዓት ያለችው በለመደችው አገር አቆጣጠር የምሽቱን ሲሆን፣ እኔ የሰማሁት ግን የኛን የቀትሩን ነው። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር፤ ቃሉም አንድም ሳይጎድል ደርሶኛል። የእኔ «እሺ» ግን ሐሳቡ አለመድረሱን ሸፈነው።

የተግባቦት ሂደት ይህን ስሕተት ለምን እንደሚፈቅድ ለመረዳት፣ ሐሳብ ራሱ ከሰው ወደ ሰው እንደማይሻገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚሻገረው ምልክት ነው። ላኪው ሐሳቡን በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በምልክት ይቀርጸዋል፤ ምልክቱ በአየር፣ በወረቀት ወይም በስልክ ይጓዛል፤ ተቀባዩም ከራሱ ዕውቀትና ልምድ ጋር አገናዝቦ ሐሳቡን እንደገና ይሠራዋል። አሜሪካዊው የሒሳብና የምሕንድስና ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 የላኪን፣ የመስመርን፣ የጫጫታንና የተቀባይን ሥዕላዊ ሞዴል ሲያወጣ የሚያስጨንቀው የስልክና የቴሌግራፍ ነገር ነበር፤ የመልእክቱ ትርጉም የምሕንድስናው ጉዳይ እንዳልሆነም በግልጽ ጽፏል። ለስልክ ድርጅት ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። እኔና እኅቴን የለያየን ግን ሻነን ወደ ጎን የተወው ትርጉም ነው። አሜሪካዊው የተግባቦት ጥናት ምሁር ዊልበር ሽራም እ.ኤ.አ. በ1954 የላኪውና የተቀባዩ የልምድ ክልል በተገናኘበት ልክ ብቻ መግባባት እንደሚኖር ሲያስረዳ ይህን ክፍተት መሙላቱ ነበር።

ስለዚህ ከመናገርዎ ወይም ከመጻፍዎ በፊት፣ ተቀባዩ መልእክቱን ሲያገኝ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ ለራስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱ። መልሱ ካልመጣልዎ መልእክቱ ገና አልበሰለም።

ቀጥሎ ቃሉን በተቀባዩ ልምድ ይመዝኑት። ውጭ አገር ላለ ሰው ሰዓት ሲነግሩ «ጠዋት በሦስት ሰዓት» ብቻ አይበቃም፤ «በአዲስ አበባ ጠዋት ሦስት ሰዓት» ይበሉ፤ ይህ ሰዓት ዋሽንግተን ላለው ዘመድዎ በበጋቸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ሰባት ሰዓት ነው። ወርንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጥሩት፤ «1ኛው ወር» ለአንዱ መስከረም፣ ለሌላው ጃንዋሪ ነውና። በጽሑፍ ጊዜ የሚመጣው ችግር ከዚህ ይረቅቃል፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም። «የምንመጣው ገና ነው» የሚል አጭር መልእክት የደረሰው ሰው፣ «ና» ላልታ ካነበባት ጉዞው እንደዘገየ ይረዳል፤ ጠብቃ ካነበባት ግን ለበዓሉ በግ መግዛት ይጀምራል። «ልጁ ይመታል» ሲባልም መቺው ማን፣ ተመቺው ማን እንደሆነ ከጽሑፉ ብቻ አይታወቅም። በንግግር ድምፅ የሚሠራውን ሥራ በጽሑፍ ተጨማሪ ቃል ይሥራው፦ «የምንመጣው ለገና በዓል ነው»፣ «ልጁ በሌሎች ይመታል»። በአንድ ቃል መርዘሙ ኪሳራ አይደለም።

መስመሩን ሲመርጡ፣ መስመሩ ራሱ እንደሚናገር አይዘንጉ። ይህን አባቶቻችን ያለ ሞዴል ያውቁት ነበር፤ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌዎችና በቅርብ ዘመዶች ፊት ለፊት ይነገራል። ዛሬም ልጁ በስደት ላይ ያለ ቤተሰብ በቀጥታ ደውሎ ከማርዳት ይልቅ፣ በዚያው ከተማ ያሉ ወዳጆች ማልደው በሩን እንዲያንኳኩ ያደርጋል። በሩን የከፈተው ሰው ገና ቃል ሳይነገረው ያውቃል። ቀጠሮን፣ ሒሳብንና አድራሻን ግን በአንጻሩ በቃል ብቻ መተው አይገባም፤ በጽሑፍ ይከተሏቸው።

ጫጫታ ሲባል የገበያ ሁካታ ብቻ አይደለም፤ የተቆራረጠ መስመር፣ የተቀባዩ ድካም፣ ሁለት ፍቺ ያለው ቃልም ጫጫታ ነው። እነዚህ ሲደራረቡ የሚያስከትሉትን ጥፋት እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴኔሪፍ ደሴት የደረሰው አደጋ ያሳያል። ጭጋግ በሸፈነው አውሮፕላን ማረፊያ የኬ.ኤል.ኤም. (የኔዘርላንድ አየር መንገድ) ረዳት አብራሪ ለመነሣት ላይ መሆናቸውን በሬዲዮ ተናገረ፤ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑ በመነሻው ቦታ ቆሞ የሚጠብቅ መስሎት «እሺ» አለና እንዲጠብቁ አዘዘ፤ በዚያው ቅጽበት የሌላው አውሮፕላን፣ የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም አብራሪዎች ገና መንደርደሪያው ላይ ነን ብለው ተናገሩ። ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ስለ ታወኩ በኬ.ኤል.ኤም. አብራሪዎች ጆሮ ጥርት ብሎ የገባው «እሺ» ብቻ ነበር። ሁለቱ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጩ፤ 583 ሰዎችም አለቁ። በአሁኑ የአቪዬሽን ሥርዓት አብራሪው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጠው ፈቃዱን ቃል በቃል መልሶ ያነባል፤ «እሺ» ማለት አይበቃውም።

ይህን ልማድ ወደ ቤትዎና ወደ ቢሮዎ ያምጡት። በኛ ዘንድ «እሺ» አንዳንዴ ሰምቻለሁ፣ አንዳንዴ ተስማምቻለሁ፣ አንዳንዴም አክብሬ ልሰናበትዎ ማለት ነው። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅም አያዋጣም፤ በተለይ ታናሽ ታላቁን ወይም ታካሚ ሐኪሙን «አልገባኝም» ለማለት ያፍራል። ጥንቁቅ ሐኪም «እማማ፣ ቤት ሲገቡ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ፤ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቀው» ይላል። በዚህ አነጋገር ተፈታኙ ሐኪሙ እንጂ ታካሚዋ አይደሉም፤ ግብረ መልሱም ያለ ሐፍረት ይመጣል። በስልክ ሲሆን ደግሞ፣ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልበት ልማድ ለማዶኛው ሰው ጨርሶ ላይሰማ እንደሚችል ያስታውሱ፤ ባዕድ ከሆነማ የደነገጥን ይመስለዋል።

ተቀባዩ የመለሰልዎ ሐሳብ ከእርስዎ የተለየ ሆኖ ሲገኝ፣ ያንኑ ቃል ድምፅን ከፍ አድርጎ መድገም የተለመደ ስሕተት ነው። ያልገባው ቃሉ እንጂ ድምፁ አይደለምና ቃሉን ይለውጡ፣ ምሳሌ ይጨምሩ፣ ከተቻለ በእጅዎ ያሳዩ፤ ከዚያም እንደገና እንዲነግርዎ ይጠይቁ። እኅቴ አሁን ስትደውል «እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ ቡና ስታፈላ» ትለኛለች፤ እኔም «እሁድ፣ ቡናው ሲፈላ» ብዬ እመልስላታለሁ።