የአምቢየንት አልበም እንዴት ይደመጣል?

ዘፈን ስናዳምጥ የለመድነው ነገር አለ። ግጥሙን እንከተላለን። ምቱ ሲገባ ትከሻችን ይነቃነቃል። አዝማቹ ሲመጣ አብረን እንላለን። አምቢየንት በሚባለው ዝግ ያለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውስጥ ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ የሉም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ ሰምቶ "መቼ ነው የሚጀምረው?" ብሎ የሚዘጋው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አሰማሙን ከያዙት ድካም የሚያወርድ ሙዚቃ ነው።

መጀመሪያ አንድ አልበም ምረጡና እሱኑ ያዙ። ለጀማሪ እኔ የምመክረው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን "ሚውዚክ ፎር ኤርፖርትስ" ነው። ሐሳቡ የመጣለት ጀርመን አገር ኮሎኝ ኤርፖርት ተቀምጦ ሳለ ነው። ሕንፃው ያምራል፤ የሚሰማው ሙዚቃ ግን አይመጥነውም ነበር። አልበሙ አራት ትራኮች አሉት፤ በጠቅላላው ወደ 48 ደቂቃ ይሆናል። ትራኮቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። 2/1 ማለት በሸክላው አንደኛ ገጽ ላይ ያለው ሁለተኛው ማለት ነው።

ቀጥሎ ስልካችሁን አዘጋጁ። አልበሙን አስቀድማችሁ አውርዱት፤ መሃል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ከገባ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ትራኮቹን የሚያዘበራርቀውን ሸፍል አጥፉ። ቤዝ የሚያጎላ ነገር ከከፈታችሁም አጥፉት።

አሁን ድምፁን ቀንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ ኢኖን ለንደን ውስጥ ታክሲ ገጭቶት አልጋ ላይ ዋለ። እሱ እንደሚተርከው፣ ልትጠይቀው የመጣች ጓደኛው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሃርፕ ሙዚቃ ያለበት ሸክላ አምጥታለት ሄደች። እንደ ምንም ተነስቶ ሸክላውን አስጫወተና ተመልሶ ጋደም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ በጣም ዝቅ ማለቱን፣ አንደኛው ስፒከርም አለመሥራቱን ያወቀው። ደግሞ ለመነሳት አቅም አልነበረውም። እንደዚያው ተኝቶ ሲሰማ ሙዚቃው ከክፍሉ ብርሃንና ከዝናቡ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ። አምቢየንት ብሎ የጠራው ሙዚቃ ከዚያች ቀን ይመዘዛል።

እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ሙዚቃው እየተጫወተ ጀበናው ሲንተከተክ የሚሰማችሁ ከሆነ ልኩ ያ ነው። ካላስቸገረ ከኢርፎን ይልቅ ትንሽ ስፒከር ይሻላል፤ ከጆሯችሁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። መስኮቱንም ገርበብ አድርጉት። የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ አትሞክሩት፤ ይውጠዋል። ካፊያ ሲሆን ግን እንደዚያ የሚጥም ነገር የለም።

የመጀመሪያው ትራክ ወደ 17 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል። ፒያኖውን የሚጫወተው እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ሮበርት ዋያት ነው። አጭር ለስላሳ ዜማ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ቆይቶ ይመለሳል። "ቀጥሎ ምን ይመጣል?" አትበሉ። አንድ ድምፅ ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ እስኪጠፋ ድረስ በጆሯችሁ ሸኙት። በዐቢይ ጾም በገና ስታዳምጡ ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። አውታሩ ከተነካ በኋላ የሚቀረው ንዝረት ራሱ ዜማ ነው። በገና ጸሎት ነው፣ ይሄ ደግሞ አይደለም፤ ከጆሮ የሚጠይቁት ትዕግሥት ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው ትራክ ላይ ስትደርሱ ሰዓት ያዙ። እዚህ ያለው የሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ ቃል የሌለው፣ ረጅም "አ"። እያንዳንዱ ድምፅ ቴፕ ላይ ተቀድቶ የቴፑ ጫፍና ጫፍ እንደ ቀለበት ተጋጥሟል። ቴፑ ከመርዘሙ የተነሳ በስቱዲዮው የአልሙኒየም ወንበሮች ላይ ዞሮ ይመለስ ነበር። አንደኛው ድምፅ በየ23 ሰከንድ ተኩሉ ይመጣል። ሌላው 26 ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሌላው ደግሞ 30 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይመለሳል። ከአንድ ፌርማታ በተለያየ ልዩነት የሚነሱ አውቶብሶችን አስቡ። አንዴ ተከታትለው ይመጣሉ፣ አንዴ ለብቻቸው፣ አንዴ ደግሞ ጭልጥ ይሉና መንገዱ ባዶ ይሆናል። አንዱን ድምፅ ለይታችሁ ሲመለስ ሰዓቱን እዩ። እሱ ያው ነው፤ ጎኑ ያሉት ግን በየዙሩ ይለያያሉ። እኔ ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ትራኩ አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም።

ሦስተኛው ፒያኖውንና ድምፆቹን ያገናኛል። አራተኛው ሲንተሳይዘር የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሰዓቱን አስቀምጡና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ሐሳባችሁ ቢሄድ አትጨነቁ። እንቅልፍም ቢወስዳችሁ ምንም አይደለም። ኢኖ ከአልበሙ ጋር ባወጣው ማስታወሻ ይህን በግልጽ ብሎታል፤ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ልብ ቢሉት የሚስብ፣ ቢተዉትም ቅር የማይለው መሆን አለበት።

በሌላ ቀን ደግሞ ሥራ እየሠራችሁ አጫውቱት። ልብስ ስታጥፉ፣ ሽንኩርት ስትልጡ፣ ስታነቡ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ዜማው ሳታውቁት አፋችሁ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ወደ ሌሎች እለፉ። ጃፓናዊው ሂሮሺ ዮሺሙራ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው "ሚውዚክ ፎር ናይን ፖስትካርድስ" አጫጭርና ጣፋጭ ዜማዎች አሉት። ምት የግድ ያስፈልገኛል የምትሉ ታይኮ የሚባለውን አሜሪካዊ ሙዚቀኛ "ዳይቭ" ሞክሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ጊታርና ከበሮ ያለበት ነው። ኢኖ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 "ሪፍሌክሽን" የሚል 54 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ወጥ ሥራ አውጥቷል፤ ለሌሊት ይሆናል።

አልበሙ ሲያልቅ ወዲያው ሌላ አትክፈቱ፤ ስልኩንም አትንኩ። ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ፍሪጁ ሲያጉረመርም፣ የጎረቤት በር ሲዘጋ፣ ሩቅ ውሻ ሲጮህ ስሙ።