ለመለዋወጫ ሱቅ ባርኮድ እንዴት ይጀመራል?

የምሠራው የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። ከሚገባልን ዕቃ ብዙው ባርኮድ የለውም። እናንተም እንደዚያ ከሆነ የራሳችሁን አትሙ።

መጀመሪያ ስካነሩን፣ ማለትም ባርኮድ አንባቢውን፣ በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኤክሴል ላይ ሞክሩት። ለኮምፒውተሩ ስካነር ማለት ኪቦርድ ነው። ያነበበውን ይጽፋል፣ ኢንተር ይመታል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ኮድ በግዕዝ ፊደል ሊመጣ ይችላል። ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ሻጩ እንዳትሮጡ፤ ቋንቋውን ቀይሩት።

ኮዱን 13 አሃዝ አድርጉ፤ በ20 ይጀምር። ይህ መነሻ ለሱቅ የውስጥ አገልግሎት የተተወ ስለሆነ ከፋብሪካ ኮድ ጋር አይጋጭም። የመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጫ ነው። የፊቶቹ 12 አሃዞች 200000000001 ናቸው እንበል። ከግራ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያላችሁ ደምሩ፤ 2 ይሆናል። 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያላችሁ ደምሩና በ3 አባዙ፤ 3 ይመጣል። አንድ ላይ 5። 10 ለመሙላት 5 ይቀራል። ስለዚህ ሙሉው ኮድ 2000000000015 ነው። ስካነሩ አንድ አሃዝ አሳስቶ ቢያነብ በዚህ ይታወቃል።

ሌብል ላይ ግን አትሰስቱ! ያለ ሪባን (ያለ ቀለም ጥብጣብ)፣ በሙቀት ብቻ የሚታተመው ቴርማል ወረቀት ሙቀትና ፀሐይ ያበላሹታል። ለቤሪንግና ለፍሬን ሸራ በሪባን የሚታተመውን ምረጡ። መስመሮቹ ጥቁር ይሁኑ፤ ቀይ ከሆኑ የስካነሩ ቀይ ብርሃን ከነጩ አይለያቸውም። ግራና ቀኙን ባዶ ተዉ።

ሁሉንም ዕቃ በአንዴ አትጀምሩ። ቶሎ ቶሎ ከሚሸጠው፣ ከፊልትሮና ከካንዴላ፣ ተነሱ።