የሱፐርሂሮ ፊልም ከመክፈታችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን አስተካክሉ

የሱፐርሂሮ ፊልም ቤት ስታዩት ሲኒማ ቤት እንዳለው ካልሆነላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፊልሙ ሳይሆን የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ነው። ፊልም በአብዛኛው የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ግን በመሀል የራሳቸውን ፍሬም እየፈጠሩ ያስገባሉ። ለኳስ ጥሩ ነው፤ ፊልሙን ግን ያበላሸዋል። ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ውጊያ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ተከታታይ ድራማ ይመስላል፣ ጀግናው በፍጥነት ሲበር ደግሞ የካባው ጠርዝ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ፒክቸር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሳምሰንግ ከሆነ «ፒክቸር ክላሪቲ»ን፣ በቆዩት ላይ «አውቶ ሞሽን ፕላስ»ን፣ ኤልጂ ከሆነ «ትሩሞሽን»ን፣ ሶኒ ከሆነ «ሞሽንፍሎው»ን አጥፉ። «ፊልምሜከር ሞድ» ካለው እሱን መምረጥ ብቻ ይበቃል።

ንግግሩ ሳይሰማ ፍንዳታው ጎረቤት የሚቀሰቅስ ከሆነስ? በ5.1 ድምፅ (ለስድስት ስፒከር በተከፋፈለው) ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው በመሀለኛው ስፒከር ነው። እናንተ የምትሰሙት በቴሌቪዥኑ ሁለት ስፒከሮች ከሆነ፣ ከድምፅ ምርጫው ላይ 5.1ን ትታችሁ ስቴሪዮ (ለሁለት ስፒከር የሚሆነውን) አድርጉት። ሳውንድባር (ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኝ ረጅም ስፒከር) ያላችሁ «ናይት ሞድ»ን ሞክሩ፤ የጮኸውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ ያደርገዋል።

በስክሪኑ ላይ የሚያንጸባርቅ መብራት ካለም አጥፉት፤ የሌሊቱ ውጊያ ላይ ምንም አያሳያችሁም።

የማርቭል ፊልም ከሆነ ደግሞ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ሲጀምር እንዳትዘጉ። አብዛኞቹ በስሞቹ መሀል ወይም መጨረሻ ላይ አጭር ትዕይንት አላቸው። ፊልሙን የምታዩበት አፕ ወደ ሌላ ፊልም ሊዘልባችሁ ካለ፣ ጥግ ላይ ያነሰውን ምስል ስትነኩት ወደ ሙሉ ስክሪን ይመለሳል።