የወጣቶችን የሰላም ሐሳብ ወደ ወረዳ ውሳኔ ለማድረስ

ወጣቶች ለሰላም ጉዳይ ሲጠሩ አብዛኛውን ጊዜ አዳራሽ ሞልተው፣ ቲሸርት ለብሰው ይመለሳሉ። ስለ ጸጥታ የሚወሰነው ግን በሌላ ቀን፣ በሌላ ክፍል ነው። እዚያ የሚያስገባው በቂ መረጃ የያዘ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚጠይቅና በመዝገብ ቤት በኩል የገባ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

መብቱስ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2250 አገሮች ወጣቶችን በየደረጃው ባለ የውሳኔ መድረክ እንዲያሳትፉ ያሳስባል። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተርም በአንቀጽ 17 ስለ ሰላምና ጸጥታ ይናገራል። ደብዳቤው ላይ ከሁለቱ አንዱን በአንድ መስመር መጥቀስ ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ አንባቢው ዋናው ጥያቄ ላይ ሳይደርስ ይሰለቻል። ውሳኔ 2250 ወጣት የሚለው ከ18 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ ግን ከ15 ይጀምራል። ስለዚህ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አሳትፉ፣ ሐሳባቸውንም ስሙ፤ ደብዳቤ ላይ ግን አታስፈርሟቸው።

ደብዳቤውን ለሚያዘጋጀው ቡድን ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። የባጃጅ ሹፌር፣ ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ገበያ ላይ የምትሸጥ ሴት ይኑሩበት። ሁሉም ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ እምነት ከመጡ ደብዳቤው ገና ሳይነበብ “የእነ እገሌ ነው” ይባላል። ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይለቅ፤ ሲመሽ ቀድመው የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል፣ ከሁሉም በላይም ይጠቅማል። በትልቅ ወረቀት ላይ ገበያውን፣ የውኃ ቦኖውን፣ መናኸሪያውንና ድልድዩን ሳሉ። ለአራት ሳምንት ያህል እያንዳንዱን ግጭት በደብተር መዝግቡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በምን እንደተነሳና ማን እንዳበረደው። የሰው ስምም ብሔርም አይጻፍ። ደብተሩ የሰው እጅ ከገባ ያው የክስ ዝርዝር ይሆናል፣ ሰው ሊጎዳበትም ይችላል። “ማን አበረደው” የሚለውን ዓምድ ግን ባዶ አትተዉት፤ ስሙን ሳይሆን ሥራውን ጻፉ። የእድር ዳኛ፣ ሻይ የምታፈላ እናት፣ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ እየተደጋገሙ ከመጡ፣ የአካባቢውን ሰላም በተግባር የያዙት እነሱ ናቸው።

መሣሪያ ማን ጋ እንዳለ አታጠያይቁ። ያ የፖሊስ ሥራ ነው፤ አንዴ “ወሬ ያደርሳሉ” ከተባላችሁ ማንም አያወራችሁም። በቴሌግራም የመጣ ወሬም ቦታው ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሳያረጋግጡት ደብተር ላይ አይግባ፣ ለሌላም አይላክ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚያሰራጨውንም ይመለከታል።

አሁን ደብዳቤውን ጻፉ። “ሰላማችን ይጠበቅልን” የሚል ጥያቄ “ተገቢ ነው” ተብሎ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ደብተሩ ግጭቱ የሚበዛው ቅዳሜ ከገበያ መልስ ድልድዩ ላይ መሆኑን ካሳየ እንዲህ በሉ፦ “ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድልድዩ ላይ ሁለት የማኅበረሰብ ፖሊስ አባላት እንዲመደቡና ከሁለቱም ቀበሌ አንድ አንድ ሽማግሌ አብረው እንዲቆሙ እንጠይቃለን።” እንዲህ ያለውን ኃላፊው እሺ ወይም እምቢ ማለት ይችላል፤ እምቢ ካለም ምክንያቱን ይጠየቃል።

ከማስገባታችሁ በፊት ለሽማግሌዎቹና ለሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ለብቻ አሳዩት። ሕዝብ ፊት ድንገት የሰማው ኃላፊ ሐሳቡን ቢወደው እንኳ መከላከል ይጀምራል። ከዚያ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉበት። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤትና ለፖሊስ ይሂድ። በ10 የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ አጭር ማስታወሻ አስገቡ። ገንዘብ የሚፈልግ ነገር ከሆነ፣ እንደ መንገድ መብራት ያለ፣ እስከ የካቲት ድረስ ይድረስ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ላይ የመጣ ጥያቄ ለከርሞ ይተላለፋል።

ለስብሰባ ከተጠራችሁ ሁለት ሁናችሁ ሂዱ፤ አንዷ ትናገር፣ ሌላው ይጻፍ። የተወሰነው፣ የሚፈጽመው አካልና ቀኑ ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩን ሳታዩ አትነሱ። አበል ቢኖር እንዴት እንደምትካፈሉ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብዙ ጥሩ ቡድን የፈረሰው በግጭት ሳይሆን በአበል ነው።

ምደባው ከተጀመረ በኋላ በዚያው ደብተር ሌላ አራት ሳምንት መዝግቡና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ውሰዱ። ግጭቱ ካልቀነሰ ወይም ከድልድዩ ወደ መናኸሪያው ከዞረ ያንኑ ሳትደብቁ ጻፉ፤ የሚቀጥለው ጥያቄም ስለ መናኸሪያው ይሁን።