የተተኮሰ ቀለህን ለምርመራ ፎቶ ማንሣት፦ ብርሃኑ ከየት ይምጣ?

የተተኮሰ ቀለህ ከየትኛው መሣሪያ እንደወጣ የሚያሳውቁት በመቀመጫው (በኋለኛው ክብ ግርጌው) ላይ የቀሩት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ እነሱም መቺው መርፌ ባሩዱን በሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን፣ በካፕሱሉ ላይ የፈጠረው ጉድጓድ፣ ባሩዱ ሲፈነዳ ቀለሁ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከመዝጊያው ፊት ጋር ሲጋጭ የታተመበት ጭረት፣ እንዲሁም ቀለሁን የሚስበውና የሚያስፈነጥረው ክፍል በጠርዙ ላይ ያሳረፈው አሻራ ናቸው። የክላሽንኮቭ ቀለህ መቀመጫ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ይህ ሁሉ ከአውራ ጣት ጥፍር ባነሰ ቦታ ላይ ይገኛል።

ቀለሁን ከመንካትዎ በፊት ባለበት ቦታ ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀትና ከቅርብ፣ በመጀመሪያ ያለ ማስመሪያ ቀጥሎም ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሡት። የጣት አሻራና የዘረመል ናሙና የሚፈለግ ከሆነ እሱ ይቅደም። ጓንት አድርገው ጫፉ ፕላስቲክ በሆነ መቆንጠጫ ያንሡት፤ ቁጥሩን በብረቱ ላይ ሳይጭሩ በፖስታው ላይ ይጻፉ። ፖስታው ወረቀት ይሁን፤ በጅማ ክረምት ፕላስቲክ ከረጢት እርጥበት አፍኖ ነሐሱን ያበላሸዋል።

ካሜራውን በትራይፖድ አቁመው ማክሮ ሌንሱን (ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ የሚያነሣውን) ከቀለሁ መቀመጫ ትይዩ ያድርጉ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 አድርገው፣ እጅዎ ካሜራውን እንዳያናውጥ በሰዓት ቆጣሪው ያንሡ። የጉድጓዱ ወለልና ጠርዙ በአንድ ጊዜ ካልጠሩ ትኩረቱን ጥቂት በጥቂት እያዛወሩ ደጋግመው ያንሡና ያዋህዱ፤ የተዋሃዱትን ነጠላ ፎቶዎች ግን አይደምስሱ።

ዋናው ጉዳይ ብርሃኑ ነው። በስልክ ፍላሽ ፊት ለፊት ያነሣሁት ቀለህ ካፕሱሉ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ወጥቶብኝ ያውቃል። አነስተኛ መብራት ከጎን፣ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆን ዝቅተኛ ማዕዘን ሲበራ ግን እያንዳንዱ ጭረት የራሱን ጥላ ይጥላል። መጀመሪያ መብራቱን ከፎቶው በላይኛው በኩል ያድርጉት፤ ዓይናችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚያስብ መብራቱ ከታች ከሆነ ጉድጓዱ ጉብታ መስሎ ይታያል። ከዚያ ቀለሁ ሳይነቃነቅ መብራቱን በሩብ ዙር እያዞሩ አራት ፎቶ ያንሡ፤ ከአንዱ አቅጣጫ የተሰወረ ጭረት ከሌላው ይወጣልና። የጅማ ደመና በየደቂቃው የመስኮቱን ብርሃን ስለሚለዋውጥ መጋረጃው ይዘጋ። ቀለሁም ሆነ ከተጠረጠረው መሣሪያ ለሙከራ የተተኮሰው ቀለህ በአንድ ዓይነት ብርሃንና አቀማመጥ ካልተነሡ ፎቶዎቻቸውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል።

ፋይሉን በሮው (ካሜራው የቀዳውን መረጃ እንዳለ በሚይዘው ዓይነት) ያስቀምጡ፤ ጄፔግ ሲጨምቅ ቀጭን ጭረቶችን ሊያደበዝዝ ይችላል። የመጀመሪያውን ቅጂ ፋይሉ ከተነካ በሚለወጠው በኤስኤችኤ-256 የማረጋገጫ ኮድ አስመዝግበው ይቆልፉት፣ የሚሠሩትም በግልባጩ ላይ ብቻ ይሁን። የፎቶውን ሁሉ ብርሃንና ንፅፅር ማስተካከል ተመዝግቦ ከተሠራ ይፈቀዳል፤ አንዱን ስፍራ ለይቶ መነካካት ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጥራት ግን የሌለ ጭረት ሊፈጥር ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የኮምፒውተር የምስል ቋት ተመሳሳይ ቀለሆችን በደረጃ አስቀምጦ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ካልቪን ጎዳርድና ፊሊፕ ግራቬል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ ለጥይት ምርመራ ባዋሉት የማነጻጸሪያ ማይክሮስኮፕ ሥር ሁለቱን ቀለሆች ራሳቸውን አይቶ የሚወስነው ባለሙያው ነው። ስለዚህ ወደ ላብራቶሪ ሲልኩ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ቀለሁን ጭምር ይላኩ፤ በፎቶ ላይ መብራቱን መልሶ ማዞር አይቻልም።